እኔ ያስተማርኩት ኤክስ

ነገሩን ከመጀመሬ በፊት በዚያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ መታወቅ አለበት። በሶዶ ከተማ፣ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ከሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ሁሉ ጠረጴዛ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌሎቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸው ላይ ይጽፉ ነበር። እኔ ጠረጴዛ፣ ባለ መደገፊያ ወንበርና ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ነበረኝ። ከአረካና ከበዴሳ በሚኒባስ የሚመጣ ባለጉዳይ ሌሎቹን እንደ ባዶ ቦታ አልፎ እኔ ዘንድ ይሰለፋል። ሕገ መንግሥቱን ከዳር እስከ ዳር አምስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የምርጫ አዋጁን ደግሞ በእጄ ገልብጬ፣ በክር ጠርዤ፣ በቦርሳዬ ይዤ እዞር ነበር። ዲፕሎማ ያላቸው የቀበሌ ሠራተኞች አንቀጽ ሲጠፋባቸው ሰው ልከው ያስጠይቁኝ ነበር። ስጠየቅ ወረቀት አላወጣም፤ በቃሌ ነው የምመልሰው።

ይህን የምናገረው ለመመጻደቅ አይደለም። ከዚህ በታች የምጽፈው ነገር ያልተማረ ሰው ስህተት ተደርጎ እንዳይወሰድብኝ ነው።

ትምህርት ቤት የዋልኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪውን ጭናሻ ይሉታል፤ ስድብ መሆኑን ለማወቅ ሲናገሩት ፊታቸውን ማየት ይበቃል። ሰው በሠራነው ድስት ይበላል፣ ከእኛ ጋር ግን አይበላም። አባቴ ትምህርት ቤት ወስዶ ያስገባኝ ቀን ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ልጅ ጠፋ፤ በማግስቱ አልተመለስኩም። ፊደል የለየሁት ጆንያ ላይ ነው። ከጉራጌ አገር መጥቶ ሶዶ ላይ ወፍጮ የተከለ ነጋዴ ዘንድ ተሸካሚ ሆኜ ገባሁ። ሰውየው የደንበኞቹን ስም በከሰል ጆንያው ላይ ይጽፍ ነበር። እኔ ደግሞ ጆንያው የማን እንደሆነ ስለማውቅ ስሙን ከጽሕፈቱ ጋር እያገጣጠምኩ በአንድ ክረምት ማንበብ ቻልኩ። ያስተማረኝ ሰው የለም። ይህን ያደረገ ሌላ ሰው በወላይታ ምድር ካለ አላየሁትም።

በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ ወደ እኛ ሸክላ ሠሪዎች ሰፈር መጥቶ ለማስተማር የፈቀደ ዘማች አልተገኘም። ስለዚህ አስተማሪው እኔ ሆንኩ። ሸክላ በሚደርቅበት ዳስ ውስጥ አርባ ስድስት ሰው በወላይትኛ ማንበብና መጻፍ አስተማርኩ። እናቶች ነበሩ፣ አያቶችም ነበሩ። ደብተር ሳርም ልክ ለሆነው ራይት፣ ላልሆነው ኤክስ አደርግ ነበር። ራይቱን «ሎኦ» ብዬ ሰየምኩት፣ ጥሩ ማለት ነው። ኤክሱን «ኢታ» አልኩት፣ መጥፎ ማለት ነው። ስያሜው የእኔ ፈጠራ ነው፤ ሰዎቹም ወደዱት። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን አንዲት ሴት ድስቷ እሳት ላይ ሲሰነጠቅ በከሰል ኤክስ አድርጋበት ለብቻ ታስቀምጠዋለች። ገዢው ኢታ መሆኑን አይቶ በቅናሽ ይወስዳል።

ከሁሉ አብልጬ ያስተማርኳቸው ግን አሻራን መናቅን ነው። አውራ ጣትን ቀለም ነክሮ መፈረም የዕውር ሥራ ነው እላቸው ነበር። ብዕር መያዝ የቻለ ሰው ከእንግዲህ ጣቱን አያቆሽሽም። ትምህርቱ ሲያበቃ አርባ ስድስቱም ቆመው ዳግመኛ በአሻራ ላለመፈረም ማሉልኝ። ያስማልኳቸው እኔ ነኝ።

መንግሥት ተለወጠ፤ ገዢው ግንባር መጣ። የልጆቻችን መጽሐፍ በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረ። የእኔ ተማሪዎች የሚያውቁት ፊደል በአንድ ክረምት አረጀ። እኔ ግን አላረጀሁም፤ ላቲኑንም በራሴ ተማርኩት።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ከሰፈራችን በታች፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ አፈር የምንቆፍርበት ጉድጓድ አለ። አፈሩ እንደ አመድ ግራጫ ነው፣ እጅ ላይ እንደ ሊጥ ይሳባል። በዙሪያችን እንዲህ ያለ አፈር ሌላ ቦታ የለም። ቀበሌው ይህን ቦታ አጥሮ ለከብት ማድለቢያ ማኅበር ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ መጣ። ወሬው ብዙም ሳይቆይ ስብሰባ ሆነ። የቀበሌው ሊቀመንበር ተነስቶ ቦታው ባዶ ነው፣ ተጠቃሚም የለውም አለ።

እህቴ ከኋላ ተነሳች። ከእኔ በብዙ ዓመት ታንሳለች፤ ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጅ በሸክላ የምታሳድግ ሴት ነበረች። በሰፈሩ ውስጥ ውኃ የማያፈስ ትልቅ እንስራ ማውጣት የሚችል እንደ እርሷ ያለ እጅ አልነበረም። በዳሱ ሳስተምር ሁሉም ሲመጣ እርሷ ብቻ አልመጣችም፤ ሥራ አለኝ ብላ።

«ሊቀመንበር» አለችው፣ «ዛሬ ምሳህን በምን ድስት ሠሩልህ?»

ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩ አብሮ ለመሳቅ ሞከረና ተወው። ጉዳዩን የሚወስነው የቀበሌው ምክር ቤት ነው፤ ሐሳብ ያለው ሰው የምክር ቤት አባል ሆኖ ይናገር አላት። ከእኛ ሰፈር አንድም ሰው በዚያ ምክር ቤት ተቀምጦ እንደማያውቅ ስለሚያውቅ ነገሩን የዘጋው መስሎት ነበር።

«እንግዲያው እሆናለሁ» ብላ ተቀመጠች።

የቀበሌ ምርጫ ቅርብ ነበር። ከእኛ መንደር ለአንድ ወንበር ሁለት ዕጩ ቀረበ፤ አንዱ የግንባሩ ዕጩ፣ ሌላዋ በግሏ የቀረበችው እህቴ። የዕጩነት ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ። አንድም ስርዝ ድልዝ አልነበረበትም። የምርጫ ምልክቷ መሰላል ሆነ። ወኪሏም እኔ ሆንኩ። እህቴ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ጉዳይ በምክር ቤቱ ሲነሳ ተነስቶ «ይህ አፈር እንጀራችን ነው» የሚል አንድ ሰው እንዲኖር። የድምፁ ቁጥር በእኛ በኩል ነበር። በዚያ መንደር ሸክላ ሠሪው ከገበሬው ይበልጣል።

የግንባሩ ሰዎችም ይህን ቆጥረዋል። የመንደሩ የልማት ቡድን መሪዎች ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። አልዛቱም፣ አልተሳደቡም፤ እንዲያውም እንደ ቤተሰብ ነው የቀረቡት። ማንበብ ለማትችሉ አብረናችሁ እንገባለን፣ እናግዛችኋለን፣ ጣታችሁን የምታኖሩበትን እናሳያችኋለን አሉ። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። የገለበጥኩትን አዋጅ ይዤ ወደ ምርጫ ጣቢያው ኃላፊ ሄድኩ። ድምፅ በምስጢር ይሰጣል። ረዳት የሚያስፈልገው ሰው ረዳቱን የሚመርጠው ራሱ ነው እንጂ ቡድን መሪ አይመርጥለትም። ወረቀት የተበላሸበት መራጭ መልሶ ሌላ ይወስዳል። ነፍሰ ጡርና አቅመ ደካማ ሰልፍ አይጠብቅም። አንድ በአንድ በጣቴ እየጠቆምኩ አነበብኩለት። ኃላፊው ጥሩ ሰው ነበር፣ ተቀበለኝ።

ከምርጫው በፊት በነበረው ሳምንት ስለ ድምፅ አሰጣጥ የሚያስረዳ ወጣት ከከተማ መጣ። ሰፈሩ በሙሉ በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰበ። ወጣቱ ወላይትኛ አይችልም፣ የእኛ ሰዎች ደግሞ አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው። አስተርጓሚ ሲፈለግ ማንም ሳይነግረው ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

ወጣቱ በምትመርጡት ዕጩ ምልክት አጠገብ ኤክስ አድርጉ፣ ወይም የአውራ ጣት አሻራ አኑሩ፣ ሁለቱም እኩል ዋጋ አላቸው አለ። ያለው ይህን ብቻ ነው፤ ለመተርጎም ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ሩብ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። ስለ ምስጢር ተናገርኩ። ከመጋረጃው በስተጀርባ ንጉሥም ቢሆን አብሮ እንደማይገባ ነገርኳቸው። ጣታችሁን ይዞ የሚመራ ሰው ድምፃችሁን ይዞ ይሄዳል አልኩ። በዳሱ ውስጥ የማሉትን መሐላ አስታወስኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አምሮ የወጣልኝ ንግግር የለም። ሰው ሳል እንኳ ያፍን ነበር። ምልክቱ ላይ ስደርስ፣ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፣ እንዲህ አልኩ፦

«ስለ ምልክት እናንተን ለማስተማር ከከተማ ሰው መምጣት አያስፈልግም። ሎኦውንም ኢታውንም እኔ አስተምሬያችኋለሁ። የተማራችሁትን አድርጉ።»

ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። ወጣቱ ንግግሬ ከእርሱ ንግግር በመርዘሙ ግራ ገብቶት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አባባ፣ ስለ ኤክሱ ነገሯቸው?»

«ለእነዚህ ሰዎች ስለ ኤክስ የሚነገራቸው ነገር የለም» አልኩት፣ «እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው።»

እኔ ኤክስ በምርጫ ወረቀት ላይ የመረጥኩት ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር እንዴ? በሚገባ አውቃለሁ። አዋጁን በእጄ ስገለብጥ ያንን አንቀጽ ጽፌዋለሁ። በቀደሙት ምርጫዎች ሁሉ ኤክስ አድርጌ ነው የመረጥኩት። ተማሪዎቼ ግን በቀደሙት ምርጫዎች ወይ አልሄዱም፣ ወይ ቡድን መሪ እጃቸውን ይዞ አስገብቷቸዋል፤ ብቻቸውን ወረቀት ፊት ቆመው አያውቁም። በዳሱ ውስጥ ያለው ኤክስና በአዋጁ ውስጥ ያለው ኤክስ በጭንቅላቴ ሁለት ክፍል ተቀምጠው ኖረዋል። አንድ ቀን እንኳ አንዱ ሌላውን አላየውም።

የምርጫው ቀን ሥራዬን ሠራሁ። በዚህ ማንም አይወቅሰኝም። ድምፅ የሚሰጠው በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። ስገባ የምስጢር ጠረጴዛውን መስኮት ሥር አገኘሁት። ከመስኮቱ ውጪ ደግሞ አንድ ቡድን መሪ ፀሐይ የሚሞቅ መስሎ ቆሟል። ጠረጴዛው ወደ ጥግ ካልሄደ ድምፅ መስጠት አይጀመርም አልኩ፤ ሄደ። ዓይኑ የማያይ አንድ ሽማግሌ መጣ። ቡድን መሪው ክንዱን ሊይዝ ሲል ቀድሜ ደረስኩና፣ ማን እንዲያግዝህ ትፈልጋለህ ብዬ ሰው ሁሉ እየሰማ ጠየቅኩት። «የልጄ ሚስት» አለ። የልጁ ሚስት ገባች።

ከዚያ ተማሪዎቼ መምጣት ጀመሩ። ሽበታቸውን በነጭ ሸፍነው፣ የመራጭነት ካርዳቸውን በፕላስቲክ ጠቅልለው። አንዷ፣ በዳሱ ውስጥ ከሁሉም ቀድማ ስሟን የጻፈች አሮጊት፣ አስፈጻሚው የአሻራውን ቀለም ሲያቀርብላት እጇን ወደ ኋላ ሳበች።

«ጣቴ ጭቃው ይበቃዋል» አለችው። «ብዕር ስጠኝ።»

ከእርሷ በኋላ የመጣው ሁሉ ብዕር ጠየቀ። ከመጋረጃው ሲወጡ አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ እኔ እያዩ ነበር። ወኪል ስለ ድምፁ ከመራጭ ጋር መነጋገር ስለማይችል አላናገርኳቸውም እንጂ ደረቴ ሊፈነዳ ምንም አልቀረውም ነበር። ዕድሜ ልኬን የለፋሁበትን በአንድ ቀን አየሁት አልኩ።

የተመዘገበው ሰው ሁሉ ቀድሞ ስለጨረሰ ቆጠራው ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ተጀመረ። ኃላፊው ኮሮጆውን ከፍቶ ወረቀቱን አንድ በአንድ እያነሳ ያሳየናል። የመጀመሪያው አሻራ ነው፣ መሰላሉ ላይ። ሁለተኛው ኤክስ ነው፣ ግንባሩ ላይ። ሦስተኛው ኤክስ ነው፣ ግንባሩ ላይ። አራተኛውን ሲያነሳ ግን ኃላፊው ቆም አለ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ምልክት አለ። መሰላሉ አጠገብ ራይት፣ የግንባሩ ምልክት አጠገብ ኤክስ።

አየሁት። 

እኔ ኤክስ ስጽፍ የሁለተኛውን መስመር ጫፍ ወደ ላይ አጠፍ አደርገዋለሁ። ባለወፍጮው በከሰል ሲጽፍ እንደዚያ ያደርግ ነበር፣ ከእርሱ ወሰድኩት፤ ተማሪዎቼ ደግሞ ከእኔ ወሰዱት። በግንባሩ ምልክት አጠገብ የተሠመሩት ኤክሶች ሁሉ ጫፋቸው ታጥፏል። ከዚያ በኋላ የወጡትን ወረቀቶች የማን እጅ እንደሆኑ አንድ በአንድ ማወቅ እችል ነበር። ይህች መስመሯ የሚንቀጠቀጠው ናት። ይህ ብዕር ተጭኖ ወረቀት የሚበሳው ነው። ይህች ያቺ ጣቴ ጭቃው ይበቃዋል ያለችው አሮጊት ናት፤ ኤክሷ እንደ ዳሱ ዘመን ቀጥ ያለና ያማረ ነው፤ ከእህቴ ተወዳዳሪ ስም ጎን ተቀምጧል። እንደ ወንድሟ ልጅ የምትወዳትን እህቴን ለመምረጥ መጥታ፣ የማትፈልገውን ሰውዬ ኢታ ብላ አርማው ሄደች።

ተቃወምኩ። እነዚህ ሰዎች የመረጡት መሰላሉን ነው አልኩ። ኃላፊው መመሪያውን አወጣ። ኤክስ ብቻ ያለበት ኤክሱ ላለበት ዕጩ ይቆጠራል። ሁለት ምልክት ያለበት ዋጋ የለውም። ራይት ብቻ ያለበትም ከተፈቀደው ምልክት ውጪ ስለሆነ ዋጋ የለውም። ትክክል ነበር፤ እኔም በእጄ ገልብጬዋለሁ።

ነገሩን አስረዳሁት። በዳሱ እንዴት እንዳስተማርኩ፣ ኢታ ምን እንደሆነ፣ የተሰነጠቀው ድስት ላይ እንኳ እንዴት እንደሚያደርጉት ተናገርኩ። ኃላፊው በትዕግሥት ሰማኝ። አልሳቀብኝም፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

«የማን እንደሆኑ ያውቃሉ ማለት ነው?» አለኝ።

«አንድ በአንድ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? እየጠራሁ ማንን መረጣችሁ ልበላቸው? ድምፅ ምስጢር ነው ብለው ጠረጴዛ ያስዞሩኝ እኮ እርስዎ ነዎት።»

ቡድን መሪዎቹ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ስም ብጠራ ለእህቴ አንድ ወንበር፣ ለስሙ ባለቤት ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት ሁሉ ማሰብ ነበረብኝ። ማን ማዳበሪያ እንደሚያገኝ፣ ማን ለሴፍቲኔት እንደሚመዘገብ የሚጽፉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ስም አልጠራሁም። 

እህቴ ያገኘችው ድምፅ በሁለት እጅ ጣት የሚቆጠር ነበር፤ የእኔ አንድ ኤክስ፣ የቀረው ሁሉ አሻራ። ክፍሌ ገብተው የማያውቁ ሰዎች፣ የዓይነ ሥውሩ ሽማግሌም ጭምር፣ ጣታቸውን አኑረው ድምፃቸው ተቆጠረ። ውጤቱ በፎርም ሲሞላ የዕጩ ወኪል ይፈርማል። ፈረምኩ። ከጠረጴዛው ዙሪያ አንዱ «የአባባ ፊርማ እንዴት ያምራል» አለ። ለማሾፍ አልነበረም።

እህቴን ቤቷ ደጃፍ አገኘኋት፣ የአንድ እንስራ አንገት እያለሰለሰች። ሰው መንገድ ላይ እያቆመ እንኳን ደስ ያለሽ ሲላት ውሏል። ቁጥሩን ነገርኳት። መጀመሪያ የተሳሳትኩ መሰላት።

«ሰፈሩ ሁሉ መረጥንሽ እያለኝ ነው።»

«መርጠውሻል» አልኳት። «መርጠውሽ ነው የጣሉሽ።»

በእንጨት መሬት ላይ ሁለቱንም ምልክት ሣልኩላት። እጇን ከእንስራው አንስታ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ፣ «እኔ አሻራዬን ነው ያኖርኩት፤ አንተ እንዳታየኝ ቀለም የነካ ጣቴን ደብቄ ወጣሁ» አለች። ቀጥላ የተናገረችው ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

«ጋሼ፣ ያኔ ክፍልህ ገብቼ ቢሆን እኔም በራሴ ላይ እፈርድ ነበር።»

አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ወደ እንስራዋ ተመለሰች። ቢያንስ አንድ ቃል ብትሰድበኝ ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ።

አቤቱታ ጻፍኩ። ስለ ጽሑፉ ጥራት አልናገርም፤ ያነበቡት ያውቁታል። መልሱ ቆጠራው በመመሪያው መሠረት ተካሂዷል የሚል ሆነ። ምክር ቤቱ ተሰበሰበ፣ የጉድጓዱ ጉዳይ ተነሳ፣ የሚናገር ሰው አልነበረም። እጅ ወጣ፣ አለቀ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እሾህ ሽቦ ተጎተተ። ተማሪዎቼ ምን እንደሆነ ሲነገራቸው አላመኑም። ሲያምኑ ደግሞ ከእኔ ጋር ሲገናኙ መንገድ ይቀይሩ ጀመር። እኔም ተናድጄባቸው ነበር። አንድ ሰው እንኳ፣ «መምህር፣ በምንፈልገው ላይ የቱን እናድርግ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት? ኋላ ግን ለምን እንዳልጠየቁኝ ገባኝ። መጠየቅ አያስፈልጋችሁም ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ እነሱ ደግሞ የነገርኳቸውን የሚያደርጉ ጥሩ ተማሪዎች ነበሩ።

ቤት ለቤት እየዞርኩ እንደገና አስተማርኩ። ወረቀት ላይ ሥዕል እየሣልኩ፣ ኤክስ ማለት ይህን እፈልጋለሁ ማለት ነው እያልኩ። ያቺ አሮጊት ብዕሬን ተቀብላ ወረቀቱን ገፋ አደረገችና፣ «ስንት ዓመት ኢታ ስትለው ኖረህ ዛሬ ሎኦ ሆነ?» አለችኝ። ትምህርት ቤት የሚሄደው የልጅ ልጇ ከጥግ ሆኖ፣ ኤክስ እኮ «ጥ» ነው ብሎ ጣልቃ ገባ። በላቲኑ ወላይትኛ እንደዚያ ነው የሚነበበው፤ ልጁ ልክ ነው። አሮጊቷ አንዴ እርሱን አንዴ እኔን አየችና፣ ሁለታችሁ ተስማሙና ንገሩኝ አለች።

በሚቀጥለው የቀበሌ ምርጫ ሁሉም ተማሪዎቼ ኤክሱን በትክክል አደረጉ። አንድም የተበላሸ ወረቀት አልወጣም። ያኔ አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት መጥቶ፣ የእያንዳንዱ ሰው መውጫና መግቢያ በአምስቱ ውስጥ ይታወቅ ነበር። በግል ልወዳደር ያለ ሰው አልተገኘም፤ እህቴንም አልጠየቅኳትም። ወረቀቱ ላይ የነበሩት ምልክቶች ሁሉ የግንባሩ ነበሩ። ሰው ኤክሱን አሳምሮ አኖረና ወጣ።

ያበላሸሁትን የሚቆጥርልኝ ብዙ ነው። የሠራሁትን የሚቆጥር ስለሌለ እኔው እጽፈዋለሁ፦

በቀበሌያችን የምስጢር ድምፅ መስጫው ጠረጴዛ ከመስኮት እንዲርቅ አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ በየምርጫው የሚቀመጠው ጥግ ላይ ነው።

ዓይኑ የማያይ ሰው ረዳቱን ራሱ እንዲመርጥ አደረግሁ። አሁን ማንም ሳያሳስብ ይጠየቃል።

አርባ ስድስት ሰው ስሙን እንዲጽፍ አስተማርኩ፤ በሕይወት የቀሩትን ደግሞ ሁለተኛ አስተማርኳቸው።

በሸክላ ሠሪዎች ሰፈር የመጀመሪያዋን ዕጩ አቀረብኩ። ፎርሟ ያለ አንድ ስርዝ ተቀባይነት አገኘ።

ጭናሻ የሚለው ቃል ከቀበሌው የነዋሪዎች መዝገብ ወጥቶ ሸክላ ሠሪ በሚል እንዲተካ ጽፌ አስፈጸምኩ።

ስለ ጉድጓዱ ሰባት ማመልከቻ ጻፍኩ። ሰባቱም መልስ አግኝተዋል፤ በዚያ መሥሪያ ቤት ሰባት መልስ ያገኘ ሌላ ሰው የለም። ስድስቱ አይቻልም ይላሉ።

በሰባተኛው፣ ሸክላ ሠሪዎች ከሽቦው ውጪ ባለው ጠርዝ በሳምንት አንድ ቀን እንዲቆፍሩ ፈቃድ አወጣሁ። እዚያ ያለው አፈር አሸዋ ይበዛበታል፣ እሳት ላይ ይሰነጠቃል።

ለእህቴ ከሁምቦ በኩል በጋሪ አፈር የሚያመጣላት ሰው ፈለግሁ፤ አገኘሁም። አፈሩ ቀይ ነው። ትንንሽ ድስት ይወጣዋል፤ እንስራ አይወጣውም።